ስሜን ጮክ ብሎ የጠራ ዕለት

ስሜን ሰምቶ ፊቱ የማይፈካ ሐበሻ እስካሁን አልተወለደም። ጉራ አይደለም፤ የታወቀ ነገር ነው። የምሥራች እባላለሁ። አንዱ እኔን ሲጠራ ሌላው «ምሥር ብላ!» እያለ ነው ያደግኩት። ደሴ እያለን ጎረቤት የከፋው እንደሆነ እናቴ እኔን ትልካለች፤ «ሂጂና ደጃቸው ላይ ቁሚ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እጠራሻለሁ» ትለኝ ነበር። ቆንጆ ሞልቷል፣ ጎበዝም ሞልቷል። በስሟ ብቻ ሰው የምታስደስት ግን በመላው ኮሎራዶ እኔ ብቻ ነኝ።

ስለ ትምህርት ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ደሴ ስምንተኛን ሳልጨርስ አሜሪካ መጣን። እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ደግሞ ዕድሜዬን አይተው ሃይስኩል ወረወሩኝ፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ራሴን ወርውሬ ወጣሁ። አሁን አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ኢስት ኮልፋክስ የሚባል መንገድ ላይ የአጎቴ ሱቅ ካሸር ነኝ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ቁጭ ማለት አልችልም። እግሬን ያሳክከኛል። ቤት ውስጥ ከሶፋ ወደ ፍሪጅ፣ ከፍሪጅ ወደ መስኮት ስመላለስ አባዬ «አንቺ ልጅ፣ ወይ ውጪ ወይ ተቀመጪ!» ይለኛል። ቮለንቲር መሆን የጀመርኩት እንዲህ ነው። ጽድቅ ፈልጌ አይደለም፤ መውጫ ፈልጌ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነበት ሰመር ሚሌኒየማችን ሊገባ የተቃረበበት ነበር። በሰኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዴንቨር ሲቲ ፓርክ፣ ሐይቁ ዙሪያ ሩጫ ተዘጋጀ፤ አገር ቤት የውሃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ የሚሰበሰብበት። የኮሚኒቲያችን ሰብሳቢ ጋሽ ዳኛቸው ሜጋፎን ይዘው ሥራ ያከፋፍላሉ።

«የምሥራች!» አሉ ጮክ ብለው።

ሣሩ ላይ የተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች በሙሉ ባንድ አፍ፣ «ምሥር ብላ!»

ጋሽ ዳኛቸው ደነገጡ። «የለም፣ የለም! ልጅቷን ነው! የምሥራች፣ ውሃ ጠረጴዛ!»

«እኔ ደግሞ ጉድጓዱ ውሃ አወጣ ብዬ» አሉ አንዲት እናት፣ እልል ሊሉ የከፈቱትን አፍ በነጠላቸው ጫፍ እየሸፈኑ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ተኩራርቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ።

ሯጭ ውሃ ሲቀበል አይቆምም፤ ብርጭቆውን ከእጅሽ መንትፎ፣ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ጫማሽ ላይ ደፍቶ ነው የሚያልፈው። ሁሉም አለፉ። እኔም የተጣለውን ወረቀት ብርጭቆ መልቀም ጀመርኩ። ያኔ ከዛፎቹ ሥር አንዲት ከዘራ የያዘች ፈረንጅ አሮጊት ብቅ አለች። ከኋላዋ ብርቱካናማ ሰደርያ ያጠለቀ ረጅም የኛ ልጅ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ቀስ እያለ ይመጣል።

ዝም ማለት መቼ አውቅና!

«ሐበሻ ሆነህ መጨረሻ? አገር አሰደብክ እኮ!»

ሁለት ብርጭቆ አነሳ። አንዱን ለአሮጊቷ ሰጣትና የራሱን ጠጣ። ከዚያ በንጹህ አማርኛ፣ «አሰደብኩ እንዴ?» አለኝ።

«አሮጊት ቀደመችህ!»

«አልቀደመችኝም። እኔ ነኝ ያስቀደምኳት።»

«ያው ነው!»

«ያው አይደለም። ሥራዬ ነው፤ ከሁሉም ኋላ መሄድ። እኔ መጨረሻ ካልሆንኩ እሷ መጨረሻ ልትሆን ነው።»

ሳይጠይቀኝ ሌላ ውሃ ሞላሁለት። አሮጊቷ እኔንም እሱንም እያየች ፈገግ አለች፤ አማርኛ አትችልም፣ ግን የገባት ነገር አለ።

«ስምሽ ማን ነው?» አለኝ።

«የምሥራች» አልኩና ‹ምሥር ብዪ› እስኪለኝ ጠበቅኩ።

አላለም። ዓይኑን ወደ ብርጭቆው አወረደ። «የምሥራች» አለ ቀስ ብሎ፣ ትኩስ ነገር እንደሚቀምስ ሰው። ከዚያ አሮጊቷን ተከትሎ ሄደ።

ያን ቀን ቤት ስገባ ከሶፋ ወደ ፍሪጅ፣ ከፍሪጅ ወደ መስኮት መመላለሴ በእጥፍ ጨመረ።

ስሙ ፍቅረየሱስ ነው፤ ሰው ሁሉ ፍቄ ይለዋል። ጴንጤ ነው። የቸርቻቸው ወጣቶች በየሩጫውና በየፌስቲቫሉ ይቮለንቲራሉ። እኔም ድንገት በየሩጫውና በየፌስቲቫሉ መቮለንቲር አማረኝ። ጓደኛዬ ሊሊ «ገርል፣ ቆሻሻ ለመለየት ነው ወይስ ልጁን?» ትለኛለች። እዚህ ስለተወለደች የማታፍርበት ነገር የለም።

እውነትም የደረሰን ሥራ ቆሻሻ መለየት ነበር። ሲቪክ ሴንተር ፓርክ ውስጥ ሙዚቃው እየጮኸ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየሸተተ፣ እኔና ፍቄ በሦስት በርሜሎች መካከል ቆመን ሰው የጣለውን እናስተካክላለን። ፕላስቲክ ወዲህ፣ ምግብ ወዲያ። ከዚህ በላይ የሚያምር ሥራ አላውቅም።

በነሱ ቸርች ሁሉም ወንድምና እህት ነው። መጀመሪያ ሰሞን «እህት የምሥራች፣ ያንን ከረጢት አቀብዪኝ» ቢለኝ ጮህኩበት።

«እህትህ አይደለሁም!»

«ታዲያ ምኔ ነሽ?»

ከረጢቱን አቀበልኩት። ጣቶቻችን ተነካኩ። የቆሻሻ ጓንት አድርገናል፤ ቢሆንም ተነካኩ።

አንድ ቀን ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ሎሚናት ስንጠጣ ስለ አባቱ ነገረኝ። አቶ በድሉ አዲስ አበባ ናቸው። ፍቄና እናቱ ቀድመው መጡ፤ እሳቸው «በቅርቡ» ተብለው ቀሩ። ያ በቅርቡ ፍቄን ከልጅነት እስከ ጢም አድርሶታል። አሁን ግን ለቪዛ ኤምባሲ ተጠርተዋል፤ ነሐሴ ላይ ቀጠሮ አላቸው።

«የሚደወለው እኔ ጋ ነው» አለ፣ ተጣጣፊ ሞባይሉን እያሳየኝ። «እማዬ አዛውንቶች የምትጦርበት ቦታ ስልክ መያዝ አይፈቀድላትም። ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ?»

«ምን?»

«‹ጌታ ሆይ፣ የምሥራች አሰማኝ›።»

«እና ስለ እኔ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

«ለምን? ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ?»

«እሱም አለ። ግን…» ገለባውን አጎበጠው። «ስምሽን እንዴት ብዬ ልንገራት?»

በሳቅ ፈነዳሁ። የሳቅኩት ስላልገባኝ ነው።

ነሐሴ ላይ እዚያው ሐይቅ ዙሪያ ሌላ ሩጫ ሲዘጋጅ እኔ ውሃ መስጠት ሰለቸኝ። «እሮጣለሁ» አልኩ።

«ትሮጫለሽ?»

«የደሴ ዳገት ያሳደገው እግር ነው፤ ልምምድ አያስፈልገውም።»

ፍቄ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ «እማዬ መጨረሻው መስመር አጠገብ ድንኳን ውስጥ ምግብ ትሸጣለች፤ ገቢው ለጉድጓዱ ነው። ስትጨርሺ አስተዋውቅሻለሁ» አለኝ።

«ምን ትለኛለች?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ከዚህ በላይ መደበቅ አልፈልግም።»

ይህን ሰምታ እንቅልፍ የሚወስዳት ሴት ካለች ትምጣና ታሳየኝ።

ፊሽካው ሲነፋ እንደ ጥይት ተፈተለክኩ። ሕፃናትን ቀደምኩ፣ ውሻ የሚጎትቱትን ቀደምኩ፣ ለሊሊ እጄን አውለበለብኩ። ሐይቁን ግማሽ ሳልዞር ጎኔን የሆነ ነገር ወጋኝ። ትንፋሼ የት እንደገባ አላውቅም። ውሾቹ አለፉኝ። ሕፃናቱም አለፉኝ። አንዱ ሕፃን ጭራሽ ጫማውን ለማሰር ቁጭ ብሎ ተነስቶ ነው ያለፈኝ። ዘወር ስል ከኋላዬ ማንም የለም፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ብቻ።

«ዞር በል ከኋላዬ!»

«አልችልም። ሥራዬ ነው።»

«ቅደመኝ! ታሳፍረኛለህ!»

«ከቀደምኩሽ መጨረሻ ትሆኛለሽ።»

«ሆኛለሁ እኮ!»

«አይ፣ መጨረሻው እኔ ነኝ» አለ። አነጋገሩ እንደ ቀልድ ነው፤ አስተያየቱ ግን ቀልድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የኔ ማለክለክ ብቻ ነው።

መጨረሻው መስመር እየታየኝ እግሬ ከዳኝ። ጉልበቴን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ድንኳኖቹ እዚያው ናቸው። ፍቄ ስንት ደቂቃ እንደፈጀሁ ሊይዝልኝ ሞባይሉን አውጥቶ ነበር፤ እሱን ወደ ላይ እያወዛወዘ መጮህ ጀመረ።

«የምሥራች! በርቺ! የምሥራች! የምሥራች!»

«ምሥር ብላ!»

ድምፁ ከድንኳኑ መጣ። የለመድኩት የቀልድ ‹ምሥር ብላ› አልነበረም። የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። «ምሥር ብላ ልጄ! ምሥር ብላ!» አንዲት ሽርጥ የታጠቁ እናት ጭልፋ እንደያዙ ወጥተው ሮጡ። በዚያ ቀን ከሁላችንም ፈጥነው የሮጡት እሳቸው ናቸው። እኔን አልፈውኝ ሄዱ። ከኋላቸው ሴቶቹ በሙሉ እልልታውን አቀለጡት። እሳቸውም ልጃቸው ፊት ሣሩ ላይ ተንበርክከው፣ ጭልፋውን ከነወጡ ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ተመስገን ጌታዬ! ሰጡት? በድሉን ሰጡት?»

ፍቄ ሞባይሉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«መቼ ነው የሚሳፈረው? ንገረኝ እንጂ!»

«እማዬ… አልደወሉም።»

«እና ምንድን ነው የምሥራቹ?»

«የሷ… ስሟ ነው።»

እልልታ ሲጀመር ባንድ ላይ ነው፤ ሲቆም ግን አንድ በአንድ ነው የሚቆመው። የመጨረሻዋ ሴትዮ ነገሩ ዘግይቶ ነው የገባት።

እትዬ ከበቡሽ፣ ስማቸውን ኋላ ነው ያወቅኩት፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ፀጉሬ ተበትኗል፣ ላቤ ይንጠፈጠፋል፣ ደረቴ ላይ ያለው ቁጥር ተዘቅዝቋል።

«አንቺ ነሽ?» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ተነስተው፣ ጭልፋው ላይ የተጣበቀውን ሣር በሽርጣቸው ጠርገው፣ ወደ ድንኳናቸው ተመለሱ። መስመሩን አላለፍኩም። ፍቄም አላለፈም። ጋሽ ዳኛቸው ሜጋፎናቸውን አጠፉ።

በዚያው ሳምንት ፍቄ ደወለልኝ።

«ስሚ» አለኝ። ስሜን ትቶ፣ «ስሚ»።

«ኤምባሲው ምን አለ?»

«ጠብቁ አላቸው።»

«እስከ መቼ?»

«አላሉም።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «ትናንት ስትደውዪ ስልኩ እማዬ አጠገብ ነበር። ስምሽ ሲወጣ አንብባ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።»

«ቀይረዋ! ‹ግዛው› ብለህ ሴቭ አድርገኝ!»

ትንሽ ሳቀ። ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። «ትንሽ ጊዜ እንቆይ» አለ። «እሷ እስክትረጋጋ።»

«እኔስ? እኔን ማን ያረጋጋኛል?»

«እኔ እንጃ» አለ። በስልክ መለያየት በአካል ከመለያየት ይከፋል፤ ፊቱን አታዪውማ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አልነግራችሁም፤ እሺ እነግራችኋለሁ። ሱቅ ውስጥ ለሰው መልስ አሳስቼ ሰጠሁ። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ወጥቼ ኮልፋክስን ከዳር እስከ ዳር ተመላለስኩ፤ መውረጃ አልነበረኝም። ቮለንቲር የሚፈልግ ሁሉ አገኘኝ፤ የግሪኮቹ ፌስቲቫል፣ የሜክሲኮዎቹ ፌስቲቫል፣ ለጠፉ ድመቶች የተሮጠው ሩጫ ሳይቀር። ብርቱካናማ ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል፤ የመንገድ ሥራ ምልክት ሆኖ ይገኛል።

ሊሊ፣ «ጀስት ቴክስት አድርጊው!» ትለኛለች።

አባዬ ደግሞ አንድ ጠዋት ታክሲውን እያጠበ፣ «ጴንጤ ነው አሉ» አለ።

«ማን አለ?»

«ኮልፋክስ ላይ ሚስጥር ያለ መሰለሽ?» ጎማውን አሻሸ። «ጴንጤነቱን ለቄሱ እንተወው። እናቱን ግን ያሳዘንሽ ዕለት ለኔም ስምሽ ከበደኝ።»

ይሄኛው ጎኔን ከወጋኝ ነገር በላይ ወጋኝ።

በአሜሪካኖቹ የሠራተኞች ቀን፣ በሌበር ዴይ ሰሞን አውሮራ ውስጥ ሜዳ ላይ ፌስቲቫል ነበር። የቆሻሻ ከረጢቴን ይዤ ስዞር እትዬ ከበቡሽን አየኋቸው። ድንኳናቸው ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ልሸሽ ፈልጌ ነበር። እግሬ ግን፣ ዕድሜውን ሙሉ አላርፍ ያለ እግሬ፣ እዚያው ተተከለ።

«ቆሻሻ አለዎት?» አልኳቸው። ከዚያ የተሻለ ሰላምታ አልመጣልኝም።

«አለኝ» አሉ። ካርቶን አቀበሉኝ። «ልጄ የለም። በረዶ ሊገዛ ሄዷል፤ ለመጠጡ።»

«እሱን ፈልጌ አይደለም።»

«ዋሸሽ።»

«አዎ።»

ከንፈራቸው ዳር ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ፈገግታ ግን አልሆነም። ያኔ ሰማዩ ጠቆረ። የኮሎራዶ ሰማይ አያስጠነቅቅም። ነፋሱ ድንኳኑን ከሥር አነሳው፤ ወዲያው ሽምብራ የሚያህል በረዶ ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር። ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሮጠ። እኔ አንዱን የድንኳን እግር አቀፍኩ፤ እሳቸው ሌላውን። መሄድ አይቻልም። መሸሽ አይቻልም።

«ክፉ ሴት እንዳልመስልሽ!» ብለው ጮሁ በበረዶው ድምፅ ላይ።

«አልመሰሉኝም!»

«ዋሸሽ!»

«ትንሽ መስለውኛል!»

አሁን ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ያን ለት» አሉ፣ መጮሃቸውን ትተው፤ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። «ያን ለት ልጄ ሲጮህ በድሉ መጥቶ ነበር። ከድስቴ እስከ ሣሩ ድረስ ባለችው መንገድ ባሌ መጥቷል። ሻንጣውን አየሁት። መክሳቱን ሁሉ አየሁት። ከዚያ አንቺ ሆንሽ።»

እስከዚያች ሰዓት ያላሰብኩት ነገር ነው፤ ስሜ የሰው ሰው አምጥቶ መልሶ እንደሚወስድ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ሲከብደኝ ደግሞ እንደ ልማዴ አፌ ከራሴ ቀደመ። «እትዬ፣ ሌላ ስም ያውጡልኝ!»

«ምን አልሽ?»

«ይሄኛውን አይጥሩኝ። እርስዎ ደስ የሚልዎትን ያውጡልኝና በሱ ይጥሩኝ። እኔ እቀበላለሁ!»

የድንኳኑን እግር ሊለቁት ምንም አልቀራቸው። «ወሎዬ አይደለሽም እንዴ አንቺ? ምንም አልነገሩሽም?»

«ምኑን?»

«ለሌላ ሰው ልጅ ስም የሚያወጣ ማን ነው? አማት አይደለችም? ምራቷን ቤቷ ስታስገባ!» ዓይናቸው ፈጠጠ። «ልጄ አንቺን ሳይጠይቅ አንቺ እኔን ጠየቅሽኝ?»

ፊቴ እንደዚያ ነዶ አያውቅም። በረዶው ቢወርድብኝ ይቀልጥ ነበር። ደሴን የለቀቅኩት በልጅነቴ ነው፤ ይህንን ማን ያስተምረኛል፣ ካሽ ሬጅስተሩ? ልናገር ስል ነፋሱ ድንኳኑን በኔ በኩል ነቅሎ አነሳው፤ እኔም አብሬ ከመሬት ተነሳሁ።

«የምሥራች!»

ፍቄ ነው። በሁለት እጁ የበረዶ ከረጢት ተሸክሞ፣ በረዶው አናቱን እየቀጠቀጠው ሜዳውን አቋርጦ ይሮጣል። ሁሌ ከሰው ኋላ የሚሄደው ልጅ ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የምሥራች! ልቀቂው፣ ይወስድሻል! የምሥራች!»

ከአፉ ከወጣ በኋላ የጠራው ነገር ገባው። ቆመ። ከረጢቶቹ ከእጁ ወደቁ። ሁለታችንም እናቱን አየን።

እትዬ ከበቡሽ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የለመዱት መልስ ምላሳቸው ላይ እንደመጣ ያስታውቃል። ዋጡት። ዓይናቸውን ሲገልጡ እርጥብ ነበር።

«ምን ትጮሃለህ?» አሉት። «አጠገቤ ናት። ይልቅ መጥተህ ያዝላት።»

መጣ። ድንኳኑን ወደ መሬት ጎተተው፤ የድንኳኑን እግር በኔ እጅ ላይ እጁን ደርቦ ያዘው። ጓንት አላደረግንም። ከፀጉሩ የሚወርደው ውሃ ክንዴ ላይ ይንጠባጠባል። አየኝ፤ አየሁት። ለእናቱ እንዲሰማ አድርጎ፣ «እማዬ፣ ናፍቃኝ ነበር» አለ።

«ዓይን አለኝ» አሉ እናቱ። ሽርጣቸውን ፈትተው አናቱን ያደርቁት ጀመር፤ እንደ ሕፃን። በድሉ አልመጡም። መቼ እንደሚመጡም ማንም አያውቅም። እትዬ ከበቡሽ ግን የልጃቸውን ፀጉር ጨርሰው፣ ትንሽ ካመነቱ በኋላ፣ የሽርጡን ደረቅ ጫፍ ለኔ ወረወሩልኝ።

በቃ፣ ልቤ ቦታው ገባ። ልቤ ቦታው ሲገባ ደግሞ አፌም ይመለሳል።

«እሺ እትዬ፣ ታዲያ ማን ሊሉኝ ነው?» አልኩ ፊቴን እየጠረግኩ። «ብቻ የሚያምር ይሁን። ረዘም ያለ፣ ሲጠሩኝ ሜዳው ሙሉ ሰው ዘወር ብሎ የሚያየኝ። ቸኩለው አይወስኑ፣ ያስቡበት።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ለጊዜው ‹አንቺ› ይበቃሻል» አሉ። «እሱንም አፍሽን ስትዘጊ ነው።»